የጃዝ ቅዳሜ በደብረ ብርሃን፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ዛሬ ባዶ አደረግኳት። 4 በ5 ሜትር ናት። ወለሏ ሲሚንቶ፣ ኮርኒሷ አቡጀዲ፣ ከላይ ቆርቆሮ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት ጃዝ ወዳዶች ተሰብስበን የምንሰማባት ክፍል ትሆናለች። እያንዳንዱ ሰው የሚወደውን አንድ ቅጂ ይዞ ይመጣል፣ ለምን እንደሚወደው ይነግረናል፣ አብረን እንሰማለን።

እስካሁን የምንላላከው በስልክ ነበር። ስድስት ነን። አንዱ ይልካል፣ ሌላው «ከባድ ነው!» ይላል፣ ያልፋል። ባለፈው ከመንዙ ጓደኛዬ ጋር ስለ አንድ ሙዚቃ ቤዝ ስንከራከር ግን ቤዙን ጭራሽ ሰምቶት እንደማያውቅ ገባኝ። ጥፋቱ የሱ አይደለም። የስልክ እስፒከር ያንን ድምፅ አያወጣውም። ልጁ ሦስት ዓመት ሙሉ ጃዝን ያለ ቤዝ ነው የሰማው። ያን ቀን ማታ ነው ክፍሏን ያሰብኳት።

ያለኝ ዕቃ፦ አንድ ያገለገለ አምፕሊፋየር፣ ከምናለሽ ተራ በ14,000 ብር። ሁለት የእንጨት እስፒከር፣ በውሰት። የአጎቴ የካሴት ዴክ፣ የማይሠራ። የአጎቴ ካሴቶች፣ 63 ቁጥር፣ በጫማ ካርቶን። አጎቴን ጋሼ ነው የምላቸው፤ ከዚህ በኋላ ጋሼ ስል እሳቸውን ነው።

ስለ ሙዚቀኞቹ የምጽፋቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የሥራው ቀን በእኛ ነው።

ጥቅምት 5

ዴኩን ከፈትኩት። ሞተሩ ይዞራል፣ ካሴቱ አይነቃነቅም። ምክንያቱ ወዲያው ታየኝ፦ ቺንጋዎቹ ቀልጠዋል። የድሮ የጎማ ቺንጋ ብዙ ዓመት ሲቀመጥ እንደ ሬንጅ ይሆናል። ጣት ላይ ከያዘ ሳሙና አያስለቅቀውም።

ስህተት ሠራሁ። ቶሎ ይለቃል ብዬ በቤንዚን ጠረግኩት። ሬንጁ ለቀቀ፣ ግን የአንዷ የፕላስቲክ ማርሽ ጥርስ ለሰለሰ። ደግነቱ ዋናዋ ማርሽ አይደለችም፤ ወደፊት የምታጠነጥነው ናት። የሚሻለው 99 ፐርሰንት አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። አንድ ሊትር 900 ብር ገዛሁ። በጆሮ ጥጥ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ።

ካሴቱን የሚጎትተውን ጥቁር ጎማ ግን በአልኮል አልነካሁትም። ጎማ ያደርቃል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጠብኩት። ቡናማ ዝቃጭ ወጣው። ያ ሁሉ ከካሴት የተላጠ ዱቄት ነው።

ጥቅምት 11

አዲስ ቺንጋ ከአዲስ አበባ መጣ። የድሮው ስለቀለጠ ልኩን የማውቅበት መንገድ አልነበረም። መንገዱን በክር ለካሁት፣ 240 ሚሊ ሜትር። 240 አዘዝኩ። ላላ፣ ተንሸራተተ። ቺንጋ ከክሩ ልክ ትንሽ ማጠር አለበት፤ ተለጥጦ ነው የሚይዘው። 225 ሲሆን ያዘ። ሁለቱ ዙር ግዢ ከነመላኪያው 1,150 ብር።

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። በጣም ትንሽ ፍጥነት ናት። ቺንጋው ትንሽ ቢያመነታ የፒያኖ ድምፅ ውሃ ላይ ያለ ይመስል ይዋልላል። ለሙከራ ከካርቶኑ ውስጥ ማንም የማይፈልጋትን የእንግሊዝኛ ትምህርት ካሴት አስገባሁ። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ አወራች። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 16

ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ የሸክላ ማጫወቻ ላከችልኝ። ለበዓል የመጣ ሰው ነው ያደረሰልኝ። ከሱ ጋር ሁለት ሸክላ፦ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እና የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም»። ሁለቱም አዲስ ኅትመት ናቸው። ሽፋኑን ብቻ እያገላበጥኩ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ጠቅ አለ፣ ትንሽ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ዝም። ከጀርባው 120 ቮልት ተጽፏል። እኛ ጋ 220 ነው። ሰውነቴ ሁሉ ቀዘቀዘ።

ስከፍተው የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነው። ሞተሩን እሱ አድኖታል። ፊውዝ 20 ብር። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር 2,800 ብር።

ጥቅምት 22

ትራንስፎርመሩ ተገጠመ። ይዞራል። ማይልስን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያዋ ሙዚቃ ገባች፣ ቤዙም ጀመረ። ግን የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ሁሉም ሰው ደክሞታል። ትራምፔቱ ትሮምቦን መሰለ።

መርፌው ነው ብዬ ክብደቱን ቀየርኩ። አይደለም። ሸክላው ነው ብዬ ሌላውን ሞከርኩ። እሱም ደክሞታል። በመጨረሻ ቆጠርኩ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፌ በስልክ ሰዓት 3 ደቂቃ ያዝኩ። ባለ 33⅓ ሸክላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ልክ 100 ጊዜ መዞር አለበት። የኔ 83 ጊዜ ዞረ።

83 ለ100 ማለት 5 ለ6 ነው። እዚህ ላይ በራልኝ። 50 ለ60 ነው! የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የእኛ 50። የዚህ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ከውጭ ማጫወቻ የሚላክለት ሰው ይሄን ልብ ይበል። ቮልቱን ሁሉም ሰው ይነግርሃል፣ ኸርዙን የሚነግርህ የለም።

በስልክ ቱነር አረጋገጥኩ። የማይልስ የመጀመሪያዋ ሙዚቃ «ሶ ዋት» ናት፤ ቤዙ ዲ ኖታ ላይ ነው የሚያርፈው። የኔ ቢ አካባቢ ወርዷል፤ ሦስት ሴሚቶን ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው 60 ኸርዝ የሚሰጥ ኢንቨርተር መግዛት። ዋጋው አይቀመስም። ሁለተኛው ሞተሩ ላይ ያለችውን ፑሊ 1.2 ጊዜ ማወፈር። ቶርኖ ቤት ሄድኩ።

ኅዳር 2

የድሮዋ ፑሊ በካሊብሮ 10 ሚሊ ሜትር ናት። 10 በ1.2 ሲባዛ 12። ባለሙያው ከነሐስ ቆርጦ አወጣልኝ። 800 ብር። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ሰጠኝ፤ ዕንቁ ነው የምትመስለው። ለምን እንደፈለግኩ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። «ለዘፈን?» አለ። ለዘፈን አልኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ አለ።

ገጠምኩ። ቆጠርኩ። 99።

አንድ ዙር ጎደለ። አንድ ፐርሰንት ብዙ አይመስልም፤ ጆሮዬ ግን ካወቀ በኋላ አልተወኝም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ነው የመጣልኝ፦ ቺንጋውም ውፍረት አለው። 0.6 ሚሊ ሜትር። ማባዛት የነበረብኝ 10ን ሳይሆን 10.6ን ነው። 10.6 በ1.2 ሲባዛ 12.72፣ ከዚያ ላይ ቺንጋው ሲቀነስ 12.12። ማለትም ፑሊዋ በ0.12 ቀጥናለች።

እንደገና ቶርኖ ቤት አልሄድኩም። ስኮች ለካሁ፣ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ። አንድ ዙር ስጠቀልለው በሁለቱም ጎን 0.12 ይጨምራል። ጠቀለልኩ። ቆጠርኩ። 100። እንደገና ቆጠርኩ። 100። ጋሼን ጠርቼ አስቆጠርኳቸው። «መቶ» አሉ፣ ከዚያ «ምን ልሁን ብለህ ነው የምታስቆጥረኝ?» አሉ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ይሄው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ራሱ የፍጥነት ችግር ነበረበት። በ1959 ሲቀረጽ፣ በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ መቅረጫ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነበር የሚሄደው። በዝግታ የተቀዳ ነገር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች ከልካቸው ከፍ ብለው ታተሙ። ለመጠባበቂያ ጎን ለጎን የቀዳው ማሽን ልክ ስለነበር በ1990ዎቹ በሱ ታረመ። ሰው ሁሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንደዚያ ነው የሰማው። ከሸክላው ጋር አብሮ የሚሞክር ክራር ወይም ሳክስፎን ተጫዋች ግን መሣሪያውን ሲቃኝ ነገሩ ይገባዋል።

የ45 ዙሩ ፑሊ አልተሠራም። ባለ 45 ሸክላ እስካሁን የለኝም። ይቆይ።

ኅዳር 8

ዛሬ ድምፁን በትልቁ ከፈትኩ። አስቀያሚ ነው። ክፍሏ መሃል ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ጭብጨባው ተመልሶ «ጭሪሪሪ» ይላል። ሲሚንቶና ባዶ ግድግዳ ድምፁን እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። ሲምባሉ ከተመታ በኋላ አያልቅም።

የስቱዲዮ ስፖንጅ ዋጋ ጠየቅኩ። ተውኩት። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። ሰሜን ሸዋ ነው ያለሁት። የመንዝ በግ አገር ነው። ቤታችን የሱፍ ባና ሞልቷል!

ከእማዬ አራት ባና ተበደርኩ። «ግድግዳው በረደው እንዴ?» አለችኝ። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አድርጌ ቸነከርኩት። ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ የመንዙ ጓደኛዬ ከግድግዳው እናርቀው አለ። ጣውላ መትተን 10 ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርገን ሰቀልነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ግድግዳው ሥር አየሩ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ፈቀቅ ሲል ግን አየሩ በሱፉ ውስጥ ይመላለሳል። እዚያ ነው ድምፁ የሚዳከመው። አሁን ስታጨበጭብ «ጭብ» ይልና ያበቃል።

ቤዙን ግን ባና አይዘውም። እስፒከሮቹ ጥግ ላይ ስለነበሩ ይጮህ ነበር። 60 ሳንቲ ሜትር ወደ መሃል ሳብኳቸው። ተስተካከለ። ጣውላና ምስማር 650 ብር። ባናው ነፃ፣ ግን እስከ ገና ይመለስ ተብሏል።

ኅዳር 13፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ

ዘጠኝ ሰው መጣ። ስድስታችን፣ ጋሼ፣ የቶርኖ ባለሙያውና አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ከሰል አያይዤ ነበር፤ ውጭ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻይ፣ ቆሎ።

ስህተቱ የኔ ነው። የጃዝን ታሪክ በቅደም ተከተል ላስተምር ተነሳሁ። ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ከዚያ የ1928ቱን የሉዊስ አርምስትሮንግ «ዌስት ኤንድ ብሉዝ» አሰማሁ። ትራምፔቱ ብቻውን ሲገባ ሁሉም ቀና አለ። ጥሩ ጅምር ነበር። ከዚያ ቀጥ ብዬ 1945 ገባሁ፣ የቻርሊ ፓርከር «ኮ-ኮ»። ለእኔ ከዓለም ድንቆች አንዱ ነው። ለክፍሉ ግን በረዶ ወረደበት። አንዱ ስልኩን አወጣ። ጋሼ ጎንበስ ብለው «እንዴ ልጄ፣ ይሄን ሰው ማነው የሚያባርረው?» አሉኝ።

ፓርከር ጥፋት የለበትም። ያን ፍጥነት የሚከተል ጆሮ የሚገነባው ቀስ በቀስ ነው። እኔም ራሴ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። አጣድፌ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።

ያዳነኝ «ሶ ዋት» ነው። ቤዙ አንድ ነገር ይላል፣ ሆርኖቹ ሁለት ኖታ ይመልሳሉ። ቤዙ ይላል፣ ይመልሳሉ። የቶርኖ ባለሙያው «አውራጅና ተቀባይ ናቸው» አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገም። ስልኩን ያወጣው ልጅ በሁለተኛው መልስ ላይ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ነበር። የመንዙ ጓደኛዬ ቤዙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ሲያልቅ «እንደገና ከመጀመሪያው» አለ። እንደገና ከመጀመሪያው ሰማን።

የቴክኒክ ችግር፦ በጸጥታው ላይ «ኧኧኧኧ» የሚል ድምፅ ነበር። የማጫወቻው ቀጭን የኧርዝ ገመድ ሳይታሰር ቀርቷል። በማግስቱ ከአምፕሊፋየሩ ብሎን ጋር በካቻቢቴ አሰርኩት። ጠፋ።

ኅዳር 19

ለሁለተኛው ቅዳሜ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ከኒው ኦርሊንስ ሳይሆን ከይፋት እንጀምራለን።

ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ይፋት ነው የተወለደው። ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን ወርደህ የምታገኘው ቆላ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ኦርኬስትራና በፖሊስ ኦርኬስትራ ቴነር ሳክስፎን ነፍቷል። ታላቁ ሥራው ሽለላን ሳክስፎን ላይ ማውጣቱ ነው። ሽለላና ፉከራ በቃል ነው የሚባለው፤ ጌታቸው ያንን ቃል በሸምበቆው ተናገረው። ውጭ ያሉ ሰሚዎች ከአሜሪካ ፍሪ ጃዝ (ደንብ ከማያስረው ጃዝ) ጋር ያወዳድሩታል። እሱ ግን ከዚያ አልወሰደውም፤ ከቤቱ ነው ያመጣው። በኋላ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ሠርቶ በ2006 አንድ አልበም አውጥቷል። በ2016 ነው ያረፈው።

በ1972 የወጣው አልበሙ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሲዲ 14ኛ ቁጥር ላይ እንደገና ታትሟል። ተማሪው ሲዲው አለው። ሲዲ ማጫወቻ ግን የለንም። ላፕቶፕ በ3,000 ብር ዳክ (ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ትንሽ ዕቃ) በኩል እናገናኘዋለን። ላፕቶፑን በቀጥታ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ሞክሬው ነበር፤ ይንጫጫል።

ኅዳር 27፣ ሁለተኛው ቅዳሜ

አሥራ አንድ ሰው። ጎረቤታችን ያሉት አባባም መጡ። በአጣዬ በኩል የይፋት ሰው ናቸው፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። «ከሰሉን ልሞቅ ነው የመጣሁት» ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ማብራሪያ አልሰጠሁም። ከፈትኩት።

ሳክስፎኑ ገባ። ሰፊ ነው ድምፁ፣ ይርገበገባል። አንድ ሐረግ ይለቅና ትንፋሽ ይወስዳል። ሁለተኛውን ይለቅና ይወስዳል። በሦስተኛው ትንፋሽ ላይ አባባ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። በአራተኛው ክፍተት ላይ «ዘራፍ!» አሉ።

ልክ ክፍተቱ ላይ ነው ያገቡት። ሳክስፎኑ እንደሰማቸው ሁሉ ከዚያ በላይ ከፍ ብሎ መለሰ። ከዚያ ሐረግ በሐረግ ተከተሉት። ሲያልቅ ጸጥ አለ። አባባ ወደ እስፒከሩ እያዩ «ይሄ ልጅ የማነው?» አሉኝ። የይፋት ልጅ ነው አልኳቸው። «ቃሉን እኮ ነው የሚናገረው! ትርኪ ምርኪ አይደለም፣ ቃሉን!» አሉ።

ያቺን ነገር ቤት ገብቼ ጻፍኳት። ሳክስፎን ቃል ይናገራል። ለሦስተኛው ቅዳሜ ምን እንደማቀርብ ያወቅኩት እዚያው ላይ ነው።

ከዚያ የሙላቱ አስታጥቄን የ1974 ቅጂ ሰማን። ሙላቱ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቪብራፎን (በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያ) እና ፐርከሽን የሚጫወት፣ የእኛን አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ኮርድ ጋር ያጋባ ሰው ነው። ሁሉም ወደደው። ግን ከጌታቸው በኋላ ክፍሉ ገና አልበረደም ነበር። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ አልነበረብኝም። ሙላቱ የራሱ ቀን ያስፈልገዋል።

ታኅሣሥ 11፣ ሦስተኛው ቅዳሜ

«ኤ ላቭ ሱፕሪም»። በ1964 ዲሴምበር ውስጥ በአንድ ቀን የተቀረጸ ነው፣ ኒው ጀርሲ፣ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ። ኮልትሬን ቴነር፣ ማኮይ ታይነር ፒያኖ፣ ጂሚ ጋሪሰን ቤዝ፣ ኤልቪን ጆንስ ድራም። አራት ክፍል አለው።

የመረጥኩት ለአራተኛው ክፍል ብዬ ነው። ስሙ «ሳም»፣ መዝሙር ማለት ነው። ኮልትሬን ለእግዚአብሔር የጻፈው ግጥም ከሸክላው ሽፋን ውስጥ ታትሟል። በአራተኛው ክፍል ሳክስፎኑ የሚነፋው ያንን ግጥም ነው፣ ቃል በቃል፣ ሳይዘምረው። ይሄን ካላወቅክ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ዜማ ነው። ካወቅክ ማንበብ ትችላለህ።

በመጀመሪያው ክፍል ቤዙ አራት ኖታ ይዞ ገባ። ኮልትሬን መጨረሻ ላይ ያችን አራት ኖታ ይዞ በየቁልፉ ሲዞር የቶርኖ ባለሙያው በጣቱ ጉልበቱ ላይ ይመታ ነበር። ሦስተኛው ክፍል ላይ ድራሙ ብቻውን እያለ መብራት ጠፋ። ሳህኑ እየቀዘፈ ቆመ። ድራሙ እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ አለቀ። መርፌውን ቶሎ አነሳሁት።

አርባ ደቂቃ በከሰል ብርሃን ጠበቅን። ማንም አልሄደም። እንግሊዝኛ መምህር የሆነው ጓደኛችን በስልክ መብራት ግጥሙን ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበልን። መብራት ሲመጣ ሦስተኛውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።

አራተኛው ክፍል ሲገባ መምህሩ ሽፋኑን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በጣቱ ከሳክስፎኑ ጋር ይሄድ ጀመር። ጣቱ መስመር ሲጨርስ ሳክስፎኑ ይወርዳል። ጣቱ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ሳክስፎኑ ይነሳል። በየመሃሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ይመላለሳል፣ ሳክስፎኑም እያንዳንዱን ጊዜ ዝቅ ብሎ ያሳርፈዋል። ስምንት ሰው በአንድ ጣት ላይ ተደፍቶ ነበር። አባባ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ጣቷን ግን ይከተሉ ነበር። ሲያልቅ «ያኛው ይፎክራል፣ ይሄኛው ይጸልያል። ሁለቱም ቃል አላቸው» አሉ።

ከዚህ የተሻለ የጃዝ ማብራሪያ አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 17

የጋሼ ካሴቶች። 63ቱንም ዓይቼ ጨረስኩ። 22ቱ መሣሪያ ብቻ የሆነ ሙዚቃ አላቸው። ሁሉም ታፍነዋል፤ ከብርድ ልብስ ሥር የሚጫወቱ ይመስላሉ። ሄዱን (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) እንደገና አጸዳሁ። ለውጥ የለም።

ችግሩ የሄዱ ማዘንበል ነው። ካሴት ላይ ያለው መስመር ከሄዱ ጋር ቀጥ ብሎ መገናኘት አለበት። ትንሽ ካዘነበለ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ከሄዱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። አምፕሊፋየሩን ሞኖ ላይ አድርጌ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብዬ አዞርኳት። ሩብ ዙር እንኳ አይሞላም። ድንገት ሲምባሉ ወጣ። መጋረጃ እንደመግለጥ ነው።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ሳትነካካው በፊት የድሮ ቦታዋን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርግ። ሁለተኛ፣ የተባዛ ካሴት ሁሉ የቀዳው ማሽን ይለያያል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሴት ብሎኗን እንደገና ማዞር አለብህ። አንዷን አስተካክዬ አሥር ተከታታይ ቀድቼ ነበር። ስምንቱን እንደገና እየቀዳሁ ነው።

ታኅሣሥ 25፣ አራተኛው ቅዳሜ

ጋሼ ናቸው የመረጡት። በእጃቸው «ዋልያስ» ብለው የጻፉባት ካሴት። ሁልጊዜ ከወጥ ቤቱ ሬዲዮ አጠገብ ነበረች አሉ።

ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1946 እዚህ፣ ደብረ ብርሃን ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ። ከተማሪው ጀምሮ ግማሹ ሰው ይሄን አያውቅም ነበር። ከዋልያስ ባንድ ጋር በሂልተን ይጫወት ነበር፤ «ቸ በለው» የተባለው አልበማቸው በ1977 ወጣ። በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፣ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንና ሲንተሳይዘር ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ፣ «ሸሞንሟናዬ»። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያቺ የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብታ በ2013 እንደገና ታተመች። እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

አንዲት ካሴት። ማንም ባያስቀምጣት ኖሮ አትገኝም ነበር። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው የጫማ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

ድምፁ ጥሩ ነበር። ኦርጋኑ ሞቅ ብሎ ወጣ። ካሴቷ ሁለት ቦታ ላይ ተኮማትራለች፤ እዚያ ቀኙ እስፒከር ለአንድ ሰከንድ ይጠፋል። አይጠገንም፣ አልቆረጥኩትም።

ሲያልቅ አባባ እጃቸውን አወጡ። «ሁሉም ሰው የሚወደውን ይዞ ይመጣል ብለህ አልነበር? እኔ ሸክላ የለኝም። የራሴን ይዤ ብመጣ ይሆናል?» ይሆናል አባባ አልኳቸው።

ጥር 2

ጥምቀት ስለሚገባ አምስተኛውን ቅዳሜ ወደ ጥር 16 አዛወርነው። አባባ የሚያቀርቡትን መቅረጽ እፈልጋለሁ። ማይክ ከመምህሩ ተዋስኩ። ባናው በቀነ ገደቡ አልተመለሰም፤ እማዬ ሁለቱን ወሰደች፣ ሁለቱን ተወችልኝ። ሁለቱን ከማይኩ ጀርባና ከአባባ ጀርባ ሰቀልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት መጥተው ሞከርን። ማይኩን ከአፋቸው 40 ሳንቲ ሜትር አራቅኩት። ቀረርቶው ጥሩ ገባ። «ዘራፍ!» ሲሉ ግን መለኪያው ቀይ ገባና ድምፁ ተሰነጠቀ። ወደ 70 አራቅኩት። ደግመው አሉት። አሁንም ቀይ። የመቅጃውን ጌይን (ድምፁን የሚቀበልበትን መጠን) አውርጄ ተራው ንግግር ከመጨረሻው 24 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አደረግኩ። «አሁን በደንብ ይበሉት አባባ፣ እንደ ሠርግ ቤት» አልኳቸው። ቆመው አሉት። መለኪያው ቀዩን ሳይነካ ከሥሩ ቆመ።